ሞራ ገላጮቼ

በእኛ ሰፈር ሰው ለመመዘን ሚዛን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ከ«እንዴት ሰነበትክ» ቀጥሎ ውጤቱ ወዲያው ይነገርሃል። «ወፈር ብለሃል፤ ተመችቶሃል ማለት ነው!» ካሉህ ምርቃት ነው። አንተም ሆድህን ዳበስ ዳበስ አድርገህ «ክብሩ ይስፋ» ትላለህ። «ምነው ከሳህ? ደህና አይደለህም እንዴ?» ካሉህ ግን ቤትህ ገብተህ መስተዋት ፊት ትቆማለህ። ቦርጭ ማስረጃ ነው፦ ደመወዙ ከወር ወር ያደርሰዋል፣ ሚስቱ ትንከባከበዋለች፣ ሥጋ ቤት ሲገባ ቆራጩ ሳይጠይቅ የሚወደውን ብልት ያውቅለታል።

የእኔም ቦርጭ ያደገው እንዲህ እየተመረቀ ነው። ታላቅ እህቴ በየበዓሉ ገና ከበሩ ስገባ አይታኝ «አሁን ገና ሰው መሰልክ» ትለኛለች። በወጣትነቴ «ሸንበቆው» እያለች ትጠራኝ ስለነበር ይህ ትልቅ እድገት ነው።

ክብደቴን በቁጥር የሚነግሩኝ ደግሞ እግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን አስቀምጠው የሚቀመጡ ልጆች ነበሩ። ከፒያሳ ቁልቁል እስከ ስታዲየም ብትወርድ በየጥጉ የተለያየ ሰው ትሆናለህ። አንዱ ጋ 74፣ ሌላው ጋ 81። አንዴ ልዩነቱን አንስቼ ብከራከር ልጁ ሚዛኑን ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ብሎን እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ስንት እንዲሆንልዎት ነው የሚፈልጉት?» አለኝ። ከዚህ በላይ ደንበኛ አክባሪ ነጋዴ አላየሁም። 76 አስደረግሁና ከፍዬ ሄድኩ።

ሰላሜ የደፈረሰው መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኛው ነጻ የጤና ምርመራ ያዘጋጀ ዕለት ነው። ነጻ ሲባል ማን ይቀራል? በአንድ ክሊኒክ ግቢ ተሰለፍን። መጀመሪያ ቁመት ነው። ግድግዳው ላይ በቀለም የተሳለ ሜትር አለ፤ ጫማ አውልቀህ፣ ተረከዝህን አስጠግተህ ትቆማለህ፤ ሲስተሯ ራስህ ላይ ማስመሪያ አጋድማ ታነብባለች። እኔ ዕድሜ ልኬን 168 ነኝ። ያን ቀን 172 ሆንኩ። ከኔ ፊት የነበረው የሒሳብ ክፍል ኃላፊም በድንገት መርዘሙን ሰምቶ ደረቱን ነፍቶ ወጥቷል። ነገሩን የፈታው በር ላይ የቆመው ዘበኛ ነው። «ሜትሩ የተሳለው ወለሉ ሴራሚክ ሳይነጠፍበት ነው» አለ በእርጋታ። «ከተነጠፈ ወዲህ እዚህ የመጣ ሁሉ ይረዝማል።»

አራት ሳንቲ ሜትር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ክብደትህን በኪሎ ወስደህ ለቁመትህ ካሬ በሜትር ስታካፍል የሚወጣው ቁጥር ቢ ኤም አይ ይባላል። ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ፣ ከ25 በላይ ከልክ ያለፈ፣ 30 ሲደርስ ውፍረት ነው። እኔ በዚያ ቀን 78 ኪሎ ነበርኩ፤ በእውነተኛው ቁመቴ 27.6፣ በሴራሚኩ ቁመቴ 26.4። የግንበኛ ሥራ ብቻ አንድ ነጥብ አወረደልኝ። ስሌቱን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጂጋዊ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው። እሱ ይፈልግ የነበረው የሕዝብን አማካይ ማወቅ ነበር፤ የአንድን የመንግሥት ሠራተኛ ጤና መፍረድ በሐሳቡም አልነበረ። ቢ ኤም አይ የሚለውን ስም ያወጡለት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው አንሰል ኪስና ባልደረቦቹ ናቸው። ይህ ቁጥር ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስቡም የት እንደተቀመጠ አያውቅም። ሸክም የሚሸከም ጎረምሳና ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ጎልማሳ እኩል ሊያመጡበት ይችላሉ።

ስቡ የት እንደተቀመጠ የሚጠይቀው የልብስ ሰፊው ዓይነት ሜትር ነው። ሁለተኛዋ ሲስተር ሆዴን ዙሪያውን ለክታ ወረቀቱ ላይ «39» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ይዤ ሐኪሟ ጋ ገባሁ። ወጣት ናት፤ ከእኔ የመጀመሪያ ልጅ ብዙም አትበልጥም። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጨቅላ ሕፃን ሆድ ነው።»

ሜትሩ በአንድ ፊቱ ሳንቲ ሜትር፣ በሌላ ፊቱ ኢንች ነው። ሲስተሯ በኢንቹ ፊት አንብባ በሳንቲ ሜትሩ ሣጥን ውስጥ ጽፋለች። ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ራሷ ልትለካኝ ተነሣች። እኔም ወዲያው ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ይህን የሚያዝህ ሰው የለም፤ ወንድ ልጅ ሜትር ሲያይ ሆዱ በራሱ ይገባል።

«ይተንፍሱ» አለች። ተነፈስኩ። «እንደሱ አይደለም፤ አየሩን ያውጡና ዘና ይበሉ።» ሸሚዜን አስገለጠችኝ። በጣቷ ከጎኔ የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት ፈልጋ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገች፤ ቀጥላ የዳሌ አጥንቴን ጫፍ ፈልጋ ሌላ ነጥብ፤ የሁለቱን መካከል ይዛ ሜትሩን በዚያ አዞረችው። እንዳይጠብቅ፣ እንዳይላላም፤ ከጀርባዬ እንዳይዘቀዝቅም ዞራ አየች። 99።

«ዶክተር፣ ሱሪዬ 34 ቁጥር ነው» አልኳት። ከተማሪነቴ ጀምሮ የገዛሁት ሱሪ ሁሉ 34 ነው፤ በዚህም እኮራለሁ። 34 ኢንች ደግሞ 86 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። መልስ አልሰጠችኝም፤ ቀበቶዬን ብቻ ተመለከተች። እኔም አብሬያት ወደ ታች ልመለከት ብሞክር ቀበቶው አልታይ አለኝ። ሱሪው አልሰፋም፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ከሆዴ ሥር ሰፍሯል። ልብስ ሰፊዎች ይህን ያውቃሉ፤ ጨዋ ስለሆኑ አይናገሩም። «ሱሪው ከሚውልበት ነው የምለካው ጋሼ» ብለው ዝቅ ብለው ይለካሉ።

አሁን ጥያቄው 99 ስንት ነው የሚለው ሆነ። ሁለት ሕግ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው መመሪያ ወንድን የሚከሰው ወገቡ ከ102 ሲያልፍ፣ ሴትን ደግሞ ከ88 ስታልፍ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከጥቂት ዓመት በኋላ ባወጣው መለኪያ ለአውሮፓውያን ወንዶች 94፣ ለሴቶች 80 አለና ከሰሃራ በታች ላለን አፍሪካውያን የራሳችን ጥናት እስኪገኝ ድረስ በአውሮፓውያኑ እንድንለካ አዘዘ። ያን ማታ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ነገሩ ተነሣ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በስልክ ገብቶ፣ «እዚህ ብትሆን እኮ ጤነኛ ነህ፤ ሦስት ሳንቲም ይተርፍሃል» አለ። እህቴ ይህን ስትሰማ ጉዳዩን እንደ ተዘጋ ቆጠረችው። «ታዲያ በአሜሪካው ይሁን!» አለች። ለቪዛ ሲሆን የሚያስቸግረን አገር ለቦርጭ ሲሆን እንዲህ ቸር ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።

ሐኪሟ ግን ቪዛ የማይጠይቅ ሌላ መለኪያ ነበራት፦ ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ አይብለጥ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ ለሕዝባቸው መክረዋል። የቁመቴ ግማሽ 84 ነው፤ ሴራሚኩን ብጨምርበት እንኳ 86። 99ን የሚያድን ወለል በአገሩ የለም።

«እሺ፣ ሆድ ትንሽ ወጣ ቢልስ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋት። ያሳየችኝን ሥዕል ሳይ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ገጠር በግ ሲታረድ ሽማግሌ ተጠርተው ሞራውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ብርሃን ያነሡታል። ያ መረብ የመሰለ ነጭ ስብ ላይ ደም ሥሩ እንዴት እንደሄደ፣ የት እንደ ቋጠረ አይተው ዝናቡን፣ እንግዳውን፣ አንዳንዴም ሞቱን ይናገራሉ። ለካ እኔም የራሴ ሞራ አለኝ፤ አንጀቴን ሸፍኖ፣ ጉበቴን ተጎራብቶ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌዎቹ ለማየት በጉን ማረድ ነበረባቸው፤ ይቺ ልጅ ከውጭ በሜትር አየችልኝ።

ሁሉም ስብ አንድ አይደለም ነው ነገሩ። ከቆዳ ሥር ዳሌና ጭን ላይ የሚቀመጠው ብዙም አያስቸግርም። የሆድ ዕቃ ውስጥ የሚከማቸው ግን ደሙ በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚፈስ የሚለቅቀው ቅባት መጀመሪያ የሚያገኘው ጉበትን ነው። ዣን ቫግ የተባለ የማርሴይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1947 ስኳርና የልብ ሕመም የሚከተሉት ላይኛው አካላቸው የወፈረውን እንጂ ዳሌያቸው የሰፋውን እንዳልሆነ ጽፎ ነበር። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰሚ አላገኘም። እህቴ ከእኔ በኪሎ ትበልጣለች፤ ስትቀመጥ ወንበር ይሞላል። ኋላ ተመርምራ ደሟ ከእኔ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ «እኔ እኮ ድሮም ነግሬያችኋለሁ» አለች። ምን እንደነገረችን ግን አላብራራችም።

ከሜትሩ ቀጥሎ ደም ነው። «ከማታው ሁለት ሰዓት በኋላ ከውኃ በቀር ምንም እንዳይቀምሱ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ይምጡ» ተባልኩ። በማግሥቱ ላቦራቶሪው በር ላይ ተኮልኩለናል። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ከሱቅ ሻይ አስመጥተው ስኳሩን ሦስት ማንኪያ አድርገው ያማስላሉ። «አባቴ፣ ምርመራ አይደለም እንዴ የመጡት?» አልኳቸው። «ነው፤ የስኳር ምርመራ ነው» አሉ። «ምንም አልቀመስኩም፤ ሻይ ደግሞ ምግብ አይደለም።» የእሳቸው ውጤት ምን እንዳለ አላውቅም፤ የመረመራቸው ሰው ግን ማዘኑ አይቀርም።

ደሜ ተቀዳ። ብልቃጡ ላይ ስሜ ተለጠፈ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ ነዳጅ የለውም፤ ነዳጅ ሊያመጣ የሄደው ልጅ ወረፋ ላይ ነው። ብልቃጦቻችን በመስኮቱ በኩል ይታዩናል፤ ቆመው መብራት ይጠብቃሉ። እኛም ቆመን ብልቃጦቹን እንጠብቃለን። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራቱ መጣና ውጤት ተሰጠን፦ ስኳር 97።

በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤናማ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፤ ከ126 ጀምሮ ስኳር። 97 ማለት ነጻ! ለእህቴ ደወልኩ፤ በስልኩ ውስጥ እልልታዋ ለመንገደኛው ሁሉ ተሰማ። ጓደኞቼ «ይሄማ በደረቁ አይታለፍም» ብለው ሥጋ ቤት ወሰዱኝ። ቁርጥ፣ ክትፎ፣ ከዚያ ላይ የሚወርድ ነገር። ስኳር የለብኝም እየተባለ ስንት ጊዜ ጽዋ እንደተነሣ ጤነኛው ጉበቴ ይመስክር።

ውጤቱን ለሐኪሟ ሳቀርብ የተቀዳበትን ሰዓትና የተሠራበትን ሰዓት አስተያይታ ዝም አለች። ለካስ ደም ከሰው ወጥቶም ይበላል። በብልቃጡ ውስጥ ያሉት የደም ሕዋሳት በሕይወት ስላሉ ሴረሙ እስኪለይ ድረስ ስኳሩን እየተመገቡት፣ በየሰዓቱ ከመቶ አምስት እስከ ሰባት ያህሉን ይጨርሱታል። የእኔ ደም መብራት ሲጠብቅ ቁርሱን በልቷል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ግራጫ ክዳን ያለው ብልቃጥ አለ፤ ውስጡ ያለው ፍሎራይድ ሕዋሳቱን ያስጾማቸዋል። በሌላ ላቦራቶሪ፣ መብራት ባለበት፣ እንደገና ተቀዳሁ። 108። ክትፎው ግን ተበልቷል።

ስኳሩን ይተዉትና ሌላውን እንይ አለችኝ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ከ150 ማለፍ የለበትም፤ የእኔ 210። ኤች ዲ ኤል የሚባለው ደገኛው ኮሌስትሮል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 መውረድ የለበትም፤ የእኔ 36። የደም ግፊቴ 130 በ85 ከሚለው ወሰን ላይ ቆሞ ወዲያና ወዲህ ያያል። ከወገቡ፣ ከቅባቱ፣ ከኤች ዲ ኤሉ፣ ከግፊቱና ከስኳሩ ሦስቱን ያሟላ ሰው ሜታቦሊክ ሲንድሮም አለው ይባላል። በሕይወቴ በአንድ ፈተና አምስት ከአምስት ለማምጣት እንዲህ የቀረብኩበት ጊዜ የለም።

«ግን እኮ 97 ነበርኩ» አልኳት፤ ቁጥሩን መልቀቅ አቃተኝ።

«97ም ቢሆን ኖሮ እነዚህን አይቼ አልለቅዎትም ነበር» አለችና አስረዳችኝ። ኢንሱሊን ከቆሽት ይወጣል። ከምግብ በኋላ ስኳር ከደም ወጥቶ ጡንቻ ውስጥ እንዲገባ ያዝዛል፤ ጉበትንም ያከማቸውን ስኳር እንዳይለቅ ይከለክላል። ጡንቻና ጉበት ትእዛዙን ችላ ሲሉ ቆሽት እሺ እስኪሉት ድረስ ብዙ ኢንሱሊን ይልካል። ስኳሩ ለዓመታት ደህና የሚመስለው በዚህ ነው። ትእዛዙን ችላ ማለታቸውን ነው ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚሉት። በዚህ መካከል ጉበት ከተትረፈረፈው ነገር ቅባት እየሠራ ወደ ደም ይልካል፤ ትራይግሊሰራይድ ይወጣል፣ ኤች ዲ ኤል ይወርዳል። ስኳር የሚነሣው ቆሽት የደከመው ጊዜ ነው። እኛ አገር ግን ሁሉም የሚጠይቀው ይህን የመጨረሻ ደራሽ ነው፤ «ስኳር አለብህ? የለብኝም። በል እንግዲህ ብላ!»

እንዲህ መሆኑም የታወቀው በቅርቡ ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ሲገኝ ስኳር ማለት የኢንሱሊን እጦት ነው ተብሎ ታመነ። በ1936 እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሂምስወርዝ ኢንሱሊን እየተሰጣቸው ምላሽ የማይሰጡ ሕመምተኞች እንዳሉ አሳየ። በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን በትክክል መለካት የቻሉት ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሮዛሊን ያሎውና ሶሎመን በርሰን ናቸው፤ በ1960 አካባቢ። ሲለኩም በዕድሜ ገፋ ብለው የያዛቸው ብዙዎቹ ኢንሱሊን ሞልቷቸው ተገኙ። ያሎው በ1977 ኖቤል ተሸለመች፤ በርሰን ግን ቀድሞ አርፎ ነበር። በ1988 የስታንፎርዱ ጄራልድ ሪቨን ቅባቱን፣ ግፊቱንና ስኳሩን በአንድ ገመድ አስሮ ሲንድሮም ኤክስ አለው። የሚገርመው፣ ወገብን ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም ነበር።

የእኔን የኢንሱሊን መጠን የሚሠራ ቦታ ማግኘት ራሱ አንድ ዙረት ነው። አንዱ ኬሚካሉ አልቋል፣ ሌላው ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሦስተኛው ናሙናውን ወደ ሌላ ቦታ ልኮ ያሠራል። በመጨረሻ 16 ተብሎ መጣ። ሐኪሟ ስልኳን አውጥታ አሰላች፦ 16 ሲባዛ በ108 ሲካፈል ለ405። 4.3 ግድም። ይህ ሆማ የሚባለው ስሌት እ.ኤ.አ. በ1985 ከኦክስፎርድ የወጣ ነው፤ ወሰኑ ከሕዝብ ሕዝብ ቢለያይም ከ2.5 ከፍ ሲል ብዙ ሐኪም ይጠረጥራል። ላብ እየጠረግሁ፣ «የተቀዳሁት ከክትፎው ብዙም ሳልርቅ ነው እኮ» ብል ሌላ ወረቀት አቀረበችልኝ፤ ኤ ዋን ሲ፣ 5.9። ይህኛው በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የተጣበቀውን ስኳር ይለካል። ቀይ ሕዋስ ወደ 120 ቀን ስለሚኖር ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ያስታውሳል። ደም ማነስ ካለ ሊሳሳት ይችላል እንጂ ከዋዜማው በመጾም አይሸነገልም። ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር ነው።

ብቻዬን እንዳልሆን ብዬ የሚስቴን ወንድም ይዤው ሄድኩ። እሱ ቀጭን ነው፤ እጁና እግሩ የስፖርተኛ፣ ፊቱ የመነኩሴ። ከሸሚዙ ሥር ግን ትንሽ የተወጠረች ሆድ አለችው። «እኔን ምን ሊያገኙብኝ!» እያለ ገባ። ደሙ ማሽን ላይ ከተሽከረከረ በኋላ ባለሙያው ሁለታችንን ጠርቶ ብልቃጦቻችንን ጎን ለጎን አሳየን። የእኔ ሴረም ጠራ ያለ ቢጫ ነው። የእሱ ደፍርሶ ነጥቷል፤ ከጀርባው የተያዘው ጽሑፍ አይነበብም። ትራይግሊሰራይዱ 600 አለፈ። ቢ ኤም አዩ ግን 23 ነው፤ በሴራሚኩም ያለ ሴራሚኩም ጤናማ።

የእኛ ሰው ላይ ይህ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ሐኪሟ ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 ወደ እስራኤል በገፍ የገቡትን ቤተ እስራኤላውያን የተከታተሉ ሐኪሞች፣ ሲገቡ ብዙም ያልነበረባቸው ስኳር ከዓመታት በኋላ እንደበዛባቸው፣ የሚይዛቸውም ሌላው ሰው ቀጭን በሚባልበት ክብደት ላይ ሳሉ ጭምር እንደሆነ ጽፈዋል። የሚስቴ ወንድም ይህን ሰምቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዱን አየ።

አንድ ሌላ ምስክር ደግሞ ከጀርባዬ ነበር። ፀጉር አስተካካዬ አንገቴ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያመነታል። አንድ ቀን አልቻለም፤ ጥጥ በአልኮል ነክሮ «ጋሼ፣ ትንሽ ቆሻሻ ቢጤ አለች» ብሎ ማሸት ጀመረ። አሸ፣ አሸ፤ ጥጥ ለወጠ፤ ቆዳዬ ቀላ እንጂ ጥቁረቱ አልለቀቀም። ወረፋ የያዙት ሁሉ ጋዜጣቸውን አጥፈው ያያሉ። ሚስቴም በሸሚዝ ኮሌታ ጉዳይ ስንት ዓመት ወቅሳኛለች፤ ሳሙናና ድንጋይ ያልተሞከረበት ጊዜ የለም። ሐኪሟ ኮሌታዬን ዝቅ አድርጋ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ወፈር ያለ፣ ለስላሳ፣ እጥፋቱን ተከትሎ የጠቆረ። ኢንሱሊን ሲበዛ የቆዳ ሕዋሳትንም ያበዛል፤ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ እንዲህ ይወጣል። ቆሻሻ እንዳልሆነ በማኅተም የተረጋገጠ ወረቀት ጻፊልኝ ብላት ሳቀች እንጂ አልጻፈችልኝም።

ወሬው ሲሰማ መድኃኒቱ ጎረፈ። አብሽ በባዶ ሆድ፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮምጣጤ በውኃ። እህቴ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀውን ሁሉ በአንድ ብርጭቆ በጥብጣ አጠጣችኝና ስብሰባ ላይ እየተነሣሁ የወጣሁትን ሊቀ መንበሩ በተቃውሞ አስመዘገቡት። አጎቴ ደግሞ «ሁዳዴ ሲገባ ይስተካከላል» አሉ። ሁዳዴው ገባ፤ ድንቹ፣ ዳቦው፣ ፓስታው፣ ዘይቱና በስኳር የተጨማለቀው ሻይም አብረው ገቡ።

ሐኪሟ የሰጠችኝ ትእዛዝ ከሁሉም የሚያሳፍር ነበር፤ በእግርህ ሂድ። በአሜሪካ ከሦስት ሺህ በላይ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ከክብደታቸው ከመቶ ሰባቱን እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት፣ ወደ ስኳር የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ወረደ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን የወሰዱት በ31። ከ78 ኪሎ ሰባት በመቶ አምስት ኪሎ ተኩል ግድም ነው፤ የአንድ ሰንጋ ብልት እንኳ አይሞላም ብዬ ጀመርኩ።

በእኛ ሰፈር ግን ሰው ዝም ብሎ አይራመድም። ማለዳ ወጣ ስል ውሻው ሁሉ ይከተለኛል። ውሻው ሲያርፍ መኪና ይቆማል። «ጋሼ፣ ምነው በእግርዎ? ይግቡ ላድርስዎት!» አይ፣ ሐኪም አዞኝ ነው ብል ማን ያምናል። አንዱ ጎረቤት በግድ አሳፍሮኝ የመጣሁበትን መልሶ ቤቴ በር ላይ አወረደኝ። ሌላው መኪናዬን የሸጥኩ መስሎት የገበያውን ዋጋ ጠየቀኝ። እንጀራውም ከሁለት ወደ አንድ ሲወርድ ሚስቴ ወጡ አልጣፈጠህም ብላ አኮረፈች፤ ሽሮውንና ጎመኑን ጨምራ እንጀራውን ስትቀንስ ግን እርቅ ወረደ።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ ያው ሜትር፣ ያው ሁለት ነጥብ፣ ያው «አየሩን ያውጡ»። 91። ኪሎው 72። ትራይግሊሰራይዱ 138፣ ኤች ዲ ኤሉ 41፣ ስኳሩ በግራጫው ብልቃጥ 96፣ ኢንሱሊኑ 8። ሆማው ከ2 በታች ወረደ። ሐኪሟ ተነሥታ ጨበጠችኝ።

ከእሷ ክፍል ውጭ ግን ማንም አልጨበጠኝም። እህቴ አይታኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የሥራ ባልደረቦቼ ስገባ ወሬ ያቋርጣሉ። የሥጋ ቤቱ ቆራጭ «አይዞን ጋሼ» ብሎ ግማሽ ኪሎ ላይ መረቀልኝ። ሰፈር ውስጥ «ደብቆ ነው እንጂ...» የሚል ወሬ እንደሚዞር ሚስቴ ከወፍጮ ቤት ሰምታ መጣች። በሽታ ሳስገባ መርቀው የሸኙኝ ሰዎች በሽታው ሲወጣ ሊያስተዛዝኑኝ ተሰለፉ።

ባለፈው እሑድ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጡ። ሰፊ ሰው ናቸው፤ ሶፋው ሲቀበላቸው ድምፅ አወጣ። ቡናው እስኪፈላ ስለ አየሩ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ አነሡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንዲያው ለደንቡ ያህል ነው፤ ክፉ አታስብ» አሉ መዝገባቸውን እየገለጡ። «ውዝፍ ካለብህ ከአሁኑ ብታጣራው ለቤተሰብም ይሻላል ብዬ ነው። ኋላ ቅጣት አለው።»

የዓመቱን አንድ ላይ ከፈልኩና ደረሰኝ ተቀበልኩ። ከዚያም ከመሳቢያ ሜትሬን አውጥቼ፣ «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይነሡልኝ» አልኳቸው። ልብስ ላሰፋላቸው መስሏቸው ደስ ብሏቸው ተነሡ። የጎድን አጥንታቸውን ፈልጌ ለማግኘት ጊዜ ወሰደብኝ። አየሩን አስወጣኋቸው። 116።

«ስንት ነው?» አሉኝ።

«ውዝፍ አለብዎት» አልኳቸው፤ የሐኪሟንም ስልክ ቁጥር እዚያው መዝገባቸው ጀርባ ላይ ጻፍኩላቸው።